የመሣሪያ ሣጥን ከአዲስ አበባ ይጫን ወይስ ቡሬ ላይ ይሠራ?

ጋራዥ ወይም የወፍጮ ጥገና ቤት የገባ ሰው መፍቻው በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተዘርግቶ፣ ፒንሳና ካቻቢቴው በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ተከምሮ ቢያይ አይደንቀውም። ሆኖም መካኒኩ 13 ቁጥር መፍቻ ሲፈልግ የሚያጠፋው ሰዓትም ሆነ ሌሊት የሚሰረቅበት መሣሪያ ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ለዚህ መፍትሔው ባለመሳቢያ የብረት ሣጥን ነው። የዛሬው ጥያቄያችን ሣጥኑ የት ቢሠራ ያዋጣል የሚል ነው።

ሒሳቡ

ወርዱ 70፣ ጥልቀቱ 45፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 5 መሳቢያ ሣጥን ከነብክነቱ 1 በ2 ሜትር የሆነ 3 ላሜራ ይበላል። ላሜራው 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው አንዱ 15.7 ኪሎ ስለሚመዝን ሦስቱ 47 ኪሎ ገደማ ይሆናሉ። ሦስቱ ተደራርበው ሲጫኑ ውፍረታቸው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ተሠርቶ ያለቀው ሣጥን ግን በመኪና ላይ የዚያን 47 እጥፍ ቦታ ይይዛል። በሌላ አነጋገር፣ ባዶ ሣጥን ከአዲስ አበባ አስጭኖ ዓባይን የሚያሻግር ነጋዴ ኪራይ የሚከፍለው ለአየር ነው።

ቡሬ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ያለች፣ የነቀምቴው መንገድም የሚገናኝባት ከተማ ናት። የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2013 ዓ.ም ተመርቋል። በስተምሥራቅ ፍኖተ ሰላም ትገኛለች። የጭነት መኪና፣ የባጃጅ፣ የወፍጮና የትራክተር ጠጋኝ ሁሉ የዚህ ዕቃ ደንበኛ ሊሆን ይችላል።

ጥንካሬው የት ላይ ነው?

ሣጥን ቀድሞ የሚበላሸው መሳቢያው ላይ ነው። ስለዚህ የመሳቢያው ጠርዝ ሁለት ጊዜ ይታጠፍ፤ መንሸራተቻው በኩሽኔታ ይሂድ። ስስ ላሜራ በወፍራም ኤሌክትሮድ ሲበየድ ይበሳል፤ ያለማቋረጥ ሲበየድ ደግሞ ይጣመማል። በመሆኑም ቦታ እየዘለሉ በነጥብ በነጥብ መበየድ ይሻላል። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ዘይቱና ዝገቱ ይጽዳ፣ ከዚያም ፀረ ዝገት ይቀባ። ክረምት ወለሉ ስለሚረጥብ የአንግል ብረት እግር ያስፈልገዋል። መሳቢያዎቹን ሁሉ የሚያግድ አንድ ዘንግና አንድ ጓጉንቸር ለሌባ መከላከያ ይበቃሉ። ከመሸጡ በፊት አንዱን መሳቢያ 40 ኪሎ ጭኖ መቶ ጊዜ መሳብ ጥሩ ፈተና ነው።

ዋጋው

ደንበኛው «ተወደደ» ሲል ደላላው በዓመት አካፍሎ ያሳየው። ዋጋው ከርካሹ በእጥፍ የበለጠ፣ ዕድሜው ግን አምስት እጥፍ የሆነ ሣጥን በዓመት የሚያስወጣው ከርካሹ ግማሽ በታች ነው። አንድ ናሙና የታወቀ ጋራዥ ውስጥ ማስቀመጥ ከብዙ ቃል ይበልጣል።

ገንዘቡና ሥጋቱ

ማጠፊያና መቁረጫ ማሽን በጥሬ ገንዘብ መግዛት ላልቻለ፣ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 የተደነገገውና በአዋጅ ቁጥር 807/2005 የተሻሻለው የካፒታል ዕቃ ኪራይ አለ። በአማራ ክልል በዚህ ሥራ የተቋቋመው ዋልያ ካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ነው። ኪራዩ ለማሽን እንጂ ለላሜራ አይደለምና የላሜራው መግዣ ከራስ ኪስ መታሰብ አለበት።

ሥጋቱም ቀላል አይደለም። የላሜራ ጥሬ ዕቃ በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ፣ ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ይንቀሳቀሳል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭትም መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ ታይቷል። ስለዚህ አምራቹ ቀብድ ሳይቀበል የረጅም ጊዜ ዋጋ አይዋዋል፤ ለተቀበለው ትዕዛዝ የሚበቃውንም ላሜራ አስቀድሞ መጋዘን ያስገባ። መንገድ ሲዘጋ ሥራው የማይቆመው ላሜራው እጁ ላይ ያለ አምራች ነው።