የእንጨት ብናኝን ከምንጩ መያዝ፦ ለሲኤንሲ ራውተር የብናኝ መሳቢያ ሽፋን አመራረጥና አገጣጠም

በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን ስለ ሲኤንሲ ራውተር፣ ማለትም በኮምፒዩተር ስለሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ መሣሪያ፣ እንነጋገራለን። ንዴባ በጣውላ ንግድ፣ ንሳምብያና ብዋይሴ ደግሞ በቤት ዕቃ ሥራ የሚታወቁ የካምፓላ ሰፈሮች ናቸው። ከመጠለያ ጣቢያ ወጥታችሁ በእነዚህ ቦታዎች ለመቀጠር ወይም በጋራ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ለመክፈት የምታስቡ ሁሉ፣ ከመሣሪያው ዋጋ አስቀድማችሁ ስለ ብናኙ ማወቅ ይኖርባችኋል።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

ወለል ላይ የሚወድቀው ሰጋቱራ በቀላሉ ይጠረጋል። ይበልጥ የሚጎዳው በዓይን የማይታየው ደቃቅ ብናኝ ነው። ይህ ብናኝ ማሽኑ ከቆመ በኋላም ለሰዓታት በአየር ላይ ይቆያል፤ ከትንፋሽ ጋርም ወደ ሳንባ ይገባል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል፤ በተለይም ከአፍንጫ ካንሰር ጋር የተያያዘ ነው። በኡጋንዳ ለበርና ለቤት ዕቃ የሚፈለገው የሙቩሌ እንጨት ብናኝ ቆዳን ያስቆጣል፤ አስምም ሊቀሰቅስ ይችላል። ስለዚህ ብናኙን ከመቁረጫው ሥር ገና ሲወጣ መያዝ ያስፈልጋል። ይህን የሚሠራው መቁረጫውን የሚከብ፣ ዙሪያውን ብሩሽ ያለውና በቱቦ ከመሳቢያ ማሽን ጋር የሚገናኝ ሽፋን ነው።

ሀ. ስትመርጡ

1. አስቀድማችሁ የሞተሩን ውፍረት ለኩ። ብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች 65 ሚ.ሜ.፣ ትላልቆቹ 80 ሚ.ሜ. ናቸው። በግምት የተገዛ ሽፋን አይገጥምም።

2. ዓይነቱን ለዩ። አንደኛው ዓይነት ሞተሩ ላይ ታስሮ አብሮት ይወጣል፣ ይወርዳል። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ ከፍ ሲል ብሩሹም ከጣውላው ስለሚርቅ ብናኙ ያመልጣል። ሁለተኛው ከፍታው አንድ ጊዜ በጣውላው ልክ ይስተካከላል፤ ሞተሩ ብቻ በውስጡ ይወርዳል። ጽሑፍና ስስ ቅርጽ ለሚሠራ አንደኛው ይበቃል፤ ጥልቅ ቅርጽ ለሚሠራ ሁለተኛው ይሻላል።

3. ቱቦውን ከመሳቢያው ጋር አመዛዝኑ። ትንሹ የአቧራ መምጠጫ ከ32 እስከ 50 ሚ.ሜ. ቱቦ ይበቃዋል። ባለ ከረጢቱ ትልቅ መሳቢያ ግን 100 ሚ.ሜ. ይፈልጋል። በ50 ሚ.ሜ. ቱቦ ብታገናኙት የአየሩ መተላለፊያ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ መሳቡም ይደክማል።

4. አንዳንድ ራውተሮች ሞተራቸውን ያቀዘቀዘውን አየር ወደ ታች ይነፋሉ። ይህ ብናኙን ስለሚበትን፣ አየሩን ወደ ጎን የሚመልስ ክዳን ያለውን ምረጡ።

ለ. ስትገጥሙ

1. ማሽኑን አጥፉ፤ ሶኬቱንም ንቀሉ።

2. የብሩሹ ጫፍ ጣውላውን ነክቶ ጥቂት ሚ.ሜ. እስኪታጠፍ ድረስ አስተካክሉ። ክፍተት ካለ መሳቢያው ከብናኙ ይልቅ የክፍሉን አየር ይስባል።

3. መቁረጫውን በእጃችሁ አዙራችሁ ብሩሹን ወይም ሽፋኑን አለመንካቱን አረጋግጡ።

4. ቱቦውን ከላይ በገመድ አንጠልጥሉ። ከዚያም ማሽኑን መቁረጫው ሳይሽከረከር ወደ አራቱም ማዕዘን ውሰዱት። ቱቦው ከተወጠረ ወይም ሽፋኑ ጣውላውን የያዘውን ማሰሪያ ከነካ አስተካክሉ።

ሐ. ገንዘብ ካጠረ

ሽፋኑን ከኮምፖንሳቶ ቆርጦ መሥራት ይቻላል። በብሩሹ ምትክ የመኪና የውስጥ ጎማ ቁራጭ በየ5 ሚ.ሜ. ተሰንጥቆ ዙሪያውን ይቸነከራል። ሚስማሩ ወደ መቁረጫው እንዳይደርስ ጥንቃቄ ይደረግ።

መ. ይህም አይዘንጋ

የጨርቅ ከረጢት ደቃቁን ብናኝ መልሶ ያወጣል፤ ስለዚህ የሚቻል ከሆነ መሳቢያውን ከክፍሉ ውጭ፣ ከሰው መቀመጫ አርቃችሁ አስቀምጡ። በኮምፕረሰር አየር ማጽዳት ብናኙን እንደገና ያስነሣዋል። ሽፋኑ ሁሉንም ስለማይዝ ኤን95 ወይም ተመጣጣኝ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ፤ ፊት ላይ የሚታሰር ሻሽ አይተካውም። በብናኝ ማጠራቀሚያው አጠገብ ሲጋራ አታጭሱ፤ እሳትም አታቅርቡ።

በመጨረሻም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የኡጋንዳ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል። ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ይህን አውቃችሁ መሸፈኛውን ጠይቁ። ማሽን ቢበላሽ መለዋወጫ ይገኝለታል፤ ለሳንባ ግን አይገኝም።