ስለ ዘመን መለወጫ ቍርጥ አሳብ



ጳጉሜን ከወራት ሁሉ ታናሽ ናት፤ ዘወትር አምስት ቀን፥ በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ ግን ስድስት ቀን ብቻ አላት። ዳሩ ግን በእነዚህ ጥቂት ቀኖች በሰው ልብ የሚመላለሰው አሳብ የብዙ ወር ያህል ነው። በደብረ ማርቆስ ከተማና በዙሪያዋ ባለው በጎዛምን አገር ሰው ቤቱን ይጠርጋል፥ ልብሱን ያጥባል፥ ወደ ወንዝ ወርዶም ገላውን ይታጠባል፤ የአሮጌው ዓመት ክፋት ከእድፉ ጋራ እንዲሄድለት ይመኛልና። በዚያን ጊዜ አንዱ ከእንግዲህ ወዲህ አረቄ አልቀምስም ይላል፤ ሁለተኛው ትምህርቴን በትጋት እከታተላለሁ ይላል፤ ሦስተኛው ከወንድሜ ጋራ እታረቃለሁ ይላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። ነገር ግን መስከረም 17 ቀን የመስቀል በዓል ሲውል ከእነዚህ አሳቦች ስንቱ በሕይወት ይገኛል? እንግዲህ ክርስቲያን በአዲስ ዓመት ምን ዓይነት ቍርጥ አሳብ ማድረግ እንደሚገባው፥ እንዴትስ እንደሚያጸናው ከቅዱሳት መጻሕፍት እንመርምር።

1ኛ፤ ዮሐንስ ለጠየቁት ሰዎች የሰጠው መልስ

በአገራችን መስከረም 1 ቀን የመጥምቁ ዮሐንስ ስም ስለሚታሰብበት ቅዱስ ዮሐንስ ተብሎ ይጠራል። ይህ ስም ለጕዳያችን ታላቅ ትምህርት አለው። በሉቃስ ወንጌል በ3ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ሕዝቡ የዮሐንስን ስብከት ሰምተው ልባቸው በተነካ ጊዜ ምን ልናደርግ ይገባናል ብለው ጠየቁት። እርሱ በምድረ በዳ የሚኖር፥ የግመል ጠጕር የሚለብስ፥ አንበጣና የበረሃ ማር የሚበላ ሰው ነበረ። ሆኖም እንደ እኔ ወደ ምድረ በዳ ውጡ አላላቸውም። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል፥ ምግብ ያለውም እንዲሁ እንዲያደርግ አዘዘ። ቀራጮቹን ከታዘዘላቸው በላይ እንዳይቀበሉ፥ ጭፍሮቹንም ሰውን እንዳያስጨንቁ፥ በሐሰት እንዳይከሱና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነገራቸው።

ከዚህ መልስ ሦስት ነገር እናስተውል። መጀመሪያ፥ ሰዎቹን ከሥራቸው አላስወጣቸውም። ሁለተኛ፥ ለእያንዳንዱ የተናገረው በዚያው በሥራው ስለሚያገኘው ፈተና ነው። ሦስተኛ፥ ያዘዘው ነገር ባልንጀራ አይቶ ሊመሰክርለት የሚችል ነው። በዘንድሮው ዓመት ደግ ሰው እሆናለሁ የሚለውን ሰው በታኅሣሥ ወር ቃልህን ጠብቀሃልን ብሎ የሚመረምረው ማን ነው? ልብሱን ያካፈለ ሰው ግን በብርድ ያልተንቀጠቀጠው ድኻ ምስክሩ ነው።

2ኛ፤ እያንዳንዱ በሥራው

እንግዲህ ዮሐንስ ዛሬ በከተማችን ገበያ ቢቆም ምን ይለን ነበር? እህል ነጋዴው፥ በከረጢቱ አፍ ላይ መልካሙን ጤፍ፥ በሆዱ ውስጥ ግን የተበላሸውን እንዳያደርግ፥ ሚዛኑንም እንዲያስተካክል ይነግረው ነበር። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊውን፥ ከጮቄ ተራራ ሥር በእግሩ ተጕዞ የመጣውን ባላገር በአንድ ሰዓት ሊጨርስለት በሚችለው ጕዳይ ነገ ተመለስ እያለ እንዳያመላልሰው ይመክረው ነበር። ተማሪውን፥ የሌላውን ሰው መልስ ሰርቆ እንዳይጽፍ፥ ወላጆቹ ከእህላቸው ሸጠው የሰጡትንም ገንዘብ በከንቱ እንዳያጠፋ ያስጠነቅቀው ነበር። ሠራተኛ ያላትን እመቤት ደግሞ፥ የልጅቱን ደመወዝ ወሩ በሞላበት ቀን ሳታጓድል እንድትከፍላት፥ በማታም ለመማር ብትወድ እንዳትከለክላት ይነግራት ነበር።

ምናልባት አንዳንድ ሰው ይህ ታናሽ ነገር ነው፥ ለአዲስ ዓመት ግን ታላቅ ነገር ማሰብ ይገባል ይል ይሆናል። ነገር ግን ደመወዟን ለምትጠብቀው ልጅ ይህ ታናሽ ነገር አይደለም፤ ምናልባት በዚያ ገንዘብ የታመመች እናቷ መድኃኒት ይገዛል።

3ኛ፤ መስከረም በባዶ እርሻ ላይ አይጠባም

የጎጃምን ደጋ ገበሬ ተመልከቱ። መስከረም ሲጠባ እርሻው ባዶ አይደለም። በሐምሌ የዘራው ጤፍ ለምልሟል፤ የሚያጭደው ግን ገና በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ስለዚህ ገበሬው በአዲሱ ዓመት መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ መዝራት ሳይሆን ማረም ነው። ዓደይ አበባ ዙሪያውን ስላስጌጠው አረሙ ከጤፉ መካከል በራሱ አይጠፋም።

የእኛም ሕይወት እንዲሁ ነው። ባለፈው ዓመት የዘራነው ጠብ፥ ያስቀረነው ዕዳ፥ ያሳዘንነው ሰው መስከረም 1 ቀንም በዚያው አለ። ዘመን መለወጫ ዘመንን ይለውጣል እንጂ ዕዳን አይሰርዝም። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ፥ መባውን ወደ መሠዊያው ያመጣ ሰው ወንድሙ የተቀየመበት መሆኑን ቢያስብ፥ መባውን በዚያ ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አስተምሯል። እንግዲህ አዲስ አሳብ ከማሰባችሁ በፊት የቆየውን አረም ንቀሉ። የተበደራችሁትን ክፈሉ፤ ሁሉን ለመክፈል ባይቻላችሁ ወደ ባለ ገንዘቡ ሄዳችሁ የምትከፍሉበትን ቀን ተነጋገሩ እንጂ መንገድ ለውጣችሁ አትሸሹት።

4ኛ፤ ዋጋውን ስለ መቍጠርና ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ

ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቈጥር በሉቃስ 14ኛው ምዕራፍ ተናግሯል። ብዙ አሳብ የሚፈርሰው ከክፋት የተነሣ ብቻ አይደለም፤ ሳይቈጠር ስለ ተጀመረ ነው። ዐሥር ነገር ከመወሰን አንድ ነገር መወሰን ይሻላል። መጠጥ ሊተው የሚወድ ሰው፥ ማታ ከሥራ ሲወጣ በየትኛው መንገድ ወደ ቤቱ እንደሚገባ፥ ከማንስ ጋራ እንደሚሄድ አስቀድሞ ይቍጠር።

ደግሞም ሰው ለራሱ እንጂ ለሌላው አይወስን። የጎጃም ተወላጅ የሆኑት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸው፥ በዛብህ የሚባለው ወጣት በልጅነቱ ወላጆቹ የተሳሉትን ስእለት ሲሸከም ይታያል። ዛሬም ልጁ ይህን ወይም ያንን ይሆናል ብሎ በልቡ የሚምል አባት፥ ያላማከረውን ልጅ በራሱ ምኞት ያስረዋል።

ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ በ4ኛው ምዕራፍ፥ ወደ አንዲት ከተማ ሄደው ዓመት ሊቀመጡና ሊነግዱ ያሰቡትን ሰዎች ይገሥጻቸዋል። የገሠጻቸው ስላሰቡ አይደለም፤ የነገን ቀን እንደ ራሳቸው ገንዘብ ስለ ቈጠሩት ነው። እኛ እግዚአብሔር ቢፈቅድ የሚለውን ቃል በየቀኑ እንናገራለን። ነገር ግን ገንዘቡ በኪሱ ሳለ እግዚአብሔር ቢፈቅድ እከፍልሃለሁ የሚል ሰው የአምላክን ስም ለስንፍናው መሸሸጊያ ያደርጋል። ዕዳ እንዲከፈል የእግዚአብሔር ፈቃድ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

5ኛ፤ አሳቡ የፈረሰበት ሰው ምን ያድርግ?

ከተማችን ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ አሁን የምትጠራበትን ስም ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ነገር ግን በዚህ ስም ከሚጠሩት ሰዎች መካከል የማርቆስን ታሪክ የሚያስታውሱ ስንቶች ናቸው? በሐዋርያት ሥራ በ13ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ማርቆስ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋራ ለስብከት ወጥቶ ሳለ ከጵንፍልያ አገር ትቷቸው ተመለሰ። በመልካም ጀምሮ በመንገድ ቀረ ማለት ነው። በኋላም ጳውሎስ ይህን አስቦ እንደ ገና ሊወስደው ስላልወደደ ከበርናባስ ጋራ ተለያዩ። በርናባስ ግን ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ከብዙ ዓመት በኋላ ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት በ4ኛው ምዕራፍ፥ ማርቆስ ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ይዘኸው ና አለው። ሁለተኛው ወንጌል የሚጠራውም በዚህ ሰው ስም ነው።

እንግዲህ በመስከረም የወሰነውን በጥቅምት ያፈረሰ ሰው ሌላ መስከረም እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። የእግዚአብሔር ምሕረት በዘመን መለወጫ ቀን ብቻ የምትከፈት በር አይደለችም። በወደቀበት ቀን ማታ ንስሐ ገብቶ በነጋታው ይጀምር። እኛም የወደቀውን ባየን ጊዜ ድሮስ መች ይጸናል ብለን አንሣቅበት፤ በርናባስ ሆነን እጁን እንያዘው። ጳውሎስ እንኳ አስቀድሞ የናቀውን ሰው በኋላ ይጠቅመኛል ብሎ አስጠርቷልና።

በጳጉሜን ማታ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቤተ ሰባችሁ ጋራ ወይም ለብቻችሁ ተቀምጣችሁ በጸሎት እነዚህን መርምሩ፤

1፤ ካለፈው ዓመት የቀረብኝ ዕዳ ወይም ቂም ከማን ጋራ ነው?
2፤ በሥራዬ ዘወትር የምፈተንበት ነገር ምንድር ነው?
3፤ በዚህ ነገር ላይ የማደርገው አንድ ሥራ ምንድር ነው? በየትኛውስ ቀን እጀምረዋለሁ?
4፤ ሳልፈጽም ብቀር ሳይሣቅብኝ የሚጠይቀኝ ወዳጅ ማን ነው?
5፤ እኔስ ለየትኛው ለወደቀ ሰው በርናባስ ልሆንለት እችላለሁ?

አሳብን በልብ የሚያሳድር እግዚአብሔር ለመፈጸምም ኀይልን ይስጣችሁ። አሜን።