ሮም ላይ ሦስት ነፃ ሰዓት

ጥያቄ፦ በቡድን ሮምን ልንጎበኝ ነው። አስጎብኚያችን አንድ ከሰዓት ለሦስት ሰዓት ይለቀናል። በእግሬ ወዴት ልሂድ?

መልስ፦ ኮሎሲየምን ከቡድኑ ጋር ስለሚያዩት ይተዉት። ከፓንቴዎን ይጀምሩ። 43 ሜትር የሚሰፋው ጉልላት አናቱ ክፍት ነው፤ ሲዘንብ ዝናቡ እንዳለ ይገባና በወለሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይሰርጋል። ፒያሳ ናቮና ከዚያ ቅርብ ነው። መንገዱ ጠርብ ድንጋይ ስለሆነ ተረከዝ ያለው ጫማ ሆቴል ይቅር። ባዶ ጠርሙስ ይያዙ፤ የየመንገዱ ቧንቧ ውሃ ይጠጣል፣ ነፃም ነው። ቡና ቆመው ይጠጡ፤ ከተቀመጡ ዋጋው ይንራል።

እኔን ቢጠይቁኝ ግን ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለውን የግብፅ ሐውልት አላልፍም፤ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች የቆመ መታሰቢያ ነው።