የራፋኤል ቦርዳሎ ጎመን

ጎመንን ሳህን ላይ ለማስፈር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ልሙጥ ሳህን ላይ በቀለም መሳል ነው። ቅርጹን አንዱ ባለሙያ ያወጣል፣ ሥዕሉን ሌላው ይጨምርበታል። ሁለተኛው ሳህኑን ራሱን ጎመን አድርጎ መሥራት ነው። ያኔ የሳህኑ ጠርዝ የቅጠሉ ጠርዝ ይሆናል፤ ወለሉ ላይም የቅጠሉ ጅማቶች ተሰራጭተው በጣት ሲዳሰሱ ይታወቃሉ። ፖርቱጋላዊው ራፋኤል ቦርዳሎ ፒኜይሮ የመረጠው ሁለተኛውን መንገድ ነው። ከሸክላ ሠሪነቱ በላይ ቀራፂ የምለውም በዚሁ ምርጫው ነው፤ በእሱ ሥራ ላይ ጌጡን ከቅርጹ መለየት አይቻልም።

ራፋኤል የተወለደው በ1846 ሊዝበን ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቤተሰቡ የጥበብ ቤተሰብ ነበር። አባቱ ማኑኤል ማሪያ ሠዓሊ ነበሩ፤ ታናሽ ወንድሙ ኮሉምባኖ ከአገሪቱ ታላላቅ ሠዓልያን አንዱ ሆነ፤ እህቱ ማሪያ አውጉስታ በዳንቴል ሥራ ስም አወጣች። እሱ ልቡ ያደላው ወደ ቲያትር ነበር። አባቱ ግን ቋሚ ደሞዝ እንዲኖረው ብለው በመኳንንት ምክር ቤት ጸሐፊነት አስቀጠሩት። ሥራው አልያዘውም፤ የባለሥልጣናቱን ፊት፣ አቋቋምና አነጋገር በቅርብ ማየቱ ግን ለሚቀጥለው ሕይወቱ ስንቅ ሆነው። ብዙም ሳይቆይ በፖለቲካ ካርቱን ሊዝበንን ያነጋግር ጀመር።

በሰኔ 1875 በአንድ መጽሔት ላይ ዜ ፖቪኞ የተባለ ገጸ ባሕርይ አወጣ። ዜ ፖቪኞ ጢሙ ያልተበጠረ፣ ባርኔጣ የደፋ ባላገር ነው። በመጀመሪያው ሥዕል ላይ የሊዝበኑን ቅዱስ አንቶኒዮ በዓል አስመስለው ሹማምንቱ መዋጮ ይጠይቁታል፤ መዋጮው ግብር መሆኑን አንባቢው ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ዜ ፖቪኞ የፖርቱጋል ተራ ሕዝብ ምስል ሆኖ ቀረ። ራፋኤል ጥቂት ዓመታት ብራዚል ሠርቶ በ1879 ሲመለስ ደግሞ አዲስ መጽሔት አቋቁሞ «ኦ አንቶኒዮ ማሪያ» አለው። ስሙ የታላቁ ፖለቲከኛ የአንቶኒዮ ማሪያ ፎንተስ ፔሬይራ ደ ሜሎ ስም ነው፤ በየሳምንቱ የሚተቹትን ሰው በመጽሔቱ አናት ላይ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

እንዲህ ያለ ሰው በ38 ዓመቱ ወደ ጭቃ ዞረ። በ1884 ከወንድሙ ከፌሊሲያኖ ጋር ሆኖ በካልዳስ ዳ ራይኛ የሸክላ ፋብሪካ አቋቋመ። ከተማዋ ከሊዝበን በስተሰሜን የምትገኝ የፍል ውኃ ከተማ ስትሆን፣ ንግሥት ሌኦኖር በ15ኛው ክፍለ ዘመን በመሠረቱት የፍል ውኃ ሆስፒታል ትታወቃለች። ጥሩ የሸክላ አፈር አላት፤ ሸክላ ሠሪዎቿም ቀድሞውኑ ስመ ጥር ነበሩ። ማኑኤል ማፍራ የተባለው ሠሪ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረውን የፈረንሳዩን በርናር ፓሊሲን ፈለግ ተከትሎ ሳህን ላይ እባብ፣ እንሽላሊትና ዓሣ ያሳርፍ ነበር። ስለዚህ ራፋኤል ከባዶ አልጀመረም። የጨመረው የካርቱን ሠዓሊን ዓይን ነው፤ የአንድን ነገር ጠባይ በጥቂት መስመር የሚይዝ፣ ሳቁን ከእውነቱ የማይነጥል ዓይን።

አሠራሩን በአንድ ሳህን ላይ እንየው። መጀመሪያ ናሙናው ይዘጋጃል፤ ከተፈጥሮ የተወሰደ ወይም በእጅ የተቀረጸ ቅጠል ነው። በላዩ ላይ ጄሶ ይፈስበታል። ጄሶው ሲደርቅ የእያንዳንዱን ጅማት ግልባጭ ይዞ ይቀራል። ከዚያ የተዳመጠ ጭቃ በጄሶው ላይ ይነጠፍና በጣት እየተጫኑ ወደየስርጉዱ ያስገቡታል። ጄሶ ውኃ ይመጥጣል፤ ጭቃው ውኃውን ሲያጣ በመጠኑ ይኮማተራልና ሳይቀደድ ይላቀቃል። የድንጋይ ሽበት የሚመስለው ሻካራ ገጽ ሲፈለግ ደግሞ ለስላሳ ጭቃ በወንፊት ይገፋል፤ በወዲያኛው በኩል የሚወጡት ቀጫጭን ክሮች ተቆርጠው በቀጭን የጭቃ ብጥብጥ ይለጠፋሉ። ዕቃው ደርቆ አንድ ጊዜ ይተኮሳል፣ ልባስ ይቀባል፣ ሁለተኛ ጊዜ ወደ እቶን ይገባል።

ጎመኑን ሕይወት ያለው የሚያስመስለው ይህ ሁለተኛው እሳት ነው። የዚያን ዘመን ልባስ እርሳስ የበዛበት ነበር፤ መዳብ ሲገባበት ብሩህ አረንጓዴ፣ ብረት ሲገባበት ማር መሳይ ቢጫ፣ ማንጋኒዝ ሲገባበት ወይን ጠጅ የነካው ቡናማ ይሰጣል። ልባሱ በእሳት ሲቀልጥ ይፈሳል። ከጅማቶቹ ጫፍ ላይ ሸሽቶ ይሳሳል፣ በጅማቶቹ መካከል ባለው ስርጉድ ተጠራቅሞ ይወፍራል። የሳሳው ፈዛዛ፣ የወፈረው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ በእውነተኛው ቅጠል ላይም የምናየው ይህንኑ ነው። ጥላና ብርሃኑን የሳለ ብሩሽ የለም፤ ቀራፂው ጭቃውን ሲሠራ ልባሱ የሚሄድበትን ቦይ አስቀድሞ አበጅቶለታል። (እርሳሱ ግን መርዝ ነውና የዚያን ዘመን ሳህን ያገኘ ሰው ምግብ አያቅርብበት፤ ለዓይን ብቻ ይተወው።)

ካርቱኑም ወደ ሸክላው ገባ። ዜ ፖቪኞ ጭቃ ሆኖ ተሠራ፤ ታዋቂው ቅርጽ አንድ እጁን ክርኑ ላይ አሳርፎ ጡጫውን ሽቅብ ሲያነሣ ያሳያል። ባለሱቆች ዱቤ ለሚጠይቅ ደንበኛ መልስ እንዲሆን በየመደርደሪያው አቆሙት። በጥር 1890 እንግሊዝ በአንጎላና በሞዛምቢክ መካከል ካለው ምድር ፖርቱጋል ኃይሏን እንድታስወጣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ስትሰጥ፣ ራፋኤል የእንግሊዝ ምሳሌ የሆነውን ጆን ቡልን የሽንት ማሰሮ አደረገው። ሥራው የተዋጣ ስድብ ነው። እንደ አፍሪካዊ ስመለከተው ግን መሬቱ የሌሎች ሕዝቦች እንደነበረ ልረሳ አልችልም፤ ከሁለቱ መንግሥታት አንዱም ባለቤቶቹን አልጠየቀም።

ስለ እሱ ሲወራ ሳቁ ብቻ መነሣቱ ያሳዝነኛል። በ1887 የፖርቱጋል መንግሥት ቡሳኮ በተባለ ቦታ ላሉ ጸሎት ቤቶች የክርስቶስን ሕማማት የሚያሳዩ ምስሎች አዘዘው። ለዓመታት የደከመባቸው እነዚህ የሸክላ ምስሎች ዛሬ በካልዳስ በሚገኘው የጆዜ ማሎዋ ሙዚየም ይታያሉ። በእኔ ግምት ቀራፂነቱን ለመመዘን ከጎመኖቹ ቀጥሎ መታየት ያለባቸው እነሱ ናቸው። ለቤትሆቨን መታሰቢያ የሠራው ማስቀመጫ ደግሞ ቁመቱ ከ2 ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ በ1899 ገዢ ፍለጋ ብራዚል ድረስ ይዞት ሄዶ ገዢ ስላጣ ለአገሪቱ ፕሬዚዳንት በስጦታ አበረከተው።

ገበያው ከሥራው ጋር እኩል አልሄደም፤ ፋብሪካው ከገንዘብ ችግር አልወጣም። ራፋኤል በጥር 1905 ሊዝበን ውስጥ ሲያርፍ ልጁ ማኑኤል ጉስታቮ ሥራውን ተረከበ፤ የአባቱ ፋብሪካ ከእጁ ሲወጣም በዚያው በካልዳስ ሌላ አቋቁሞ የአባቱን ቅርጾች መሥራቱን ቀጠለ። በራፋኤል ስም የሚጠራው ፋብሪካ ዛሬም በከተማዋ አለ፤ የጎመን ሳህንና የሾርባ ዕቃም ያመርታል።