ከኔትወርክ ጋር የተገናኙ ተሽከርካሪዎች የሳይበር ደኅንነት፦ ዕቅዱ ከንድፉ ጋር ለምን ይጀመራል?

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 ቻርሊ ሚለርና ክሪስ ቫላሴክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ በሴንት ሉዊስ አውራ ጎዳና ላይ ይጓዝ የነበረን አንድ ጂፕ ቼሮኪ ከቤት ሆነው በኢንተርኔት አማካይነት ጉልበት እንዲያጣ ማድረጋቸው ይታወሳል። ነጂው በሙከራው የተስማማ ጋዜጠኛ ነበር። አምራቹ ፊያት ክራይስለር በቀናት ውስጥ 1.4 ሚሊዮን ያህል ተሽከርካሪዎችን ለእርማት ጠራ። ስለ ጠለፋው ብዙ ተጽፏል፤ ክፍተቱ በየትኛው የልማት ምዕራፍ እንደ ተፈጠረ ግን እምብዛም አልተመረመረም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ትኩረት ይኸው ነው።

ጥቃቱ ሦስት እርከን ነበረው። በመጀመሪያ፣ የመኪናው የሬዲዮና የመዝናኛ ክፍል በስፕሪንት የሞባይል ኔትወርክ ላይ 6667 ቁጥር ፖርትን ክፍት አድርጎ ነበር፤ በዚያ የሚገባ ትእዛዝ ከማን እንደ መጣ አይጠየቅም። ቀጥሎ፣ ይህ ክፍል ካን ከተባለው የተሽከርካሪው ውስጣዊ የመልእክት መስመር ጋር የሚገናኘው ቪ850 በተሰኘ ቺፕ በኩል ነው። ቺፑ መስመሩን እንዲያዳምጥ እንጂ በመስመሩ ላይ እንዲናገር አልታሰበም። ገደቡ ያረፈው ግን በሶፍትዌሩ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ቺፑ አዲስ ሶፍትዌር ሲጫንበት ዲጂታል ፊርማ አይጠይቅም ነበር። ተመራማሪዎቹ ሶፍትዌሩን ለውጠው አድማጩን ተናጋሪ አደረጉት። በመጨረሻም በመስመሩ ላይ ያሉት መቆጣጠሪያዎች የደረሳቸውን መልእክት እንዳለ አመኑ።

ከሦስቱ የመጀመሪያው በቀላሉ ታረመ፤ ስፕሪንት መኪኖቹን ሳይነካ መንገዱን በራሱ ኔትወርክ ላይ ዘጋው። ለሶፍትዌሩ እርማት ደግሞ ለባለንብረቶች ፍላሽ ዲስክ በፖስታ ተላከ። (በፖስታ የመጣን ፍላሽ መኪና ላይ መሰካትን ማስለመድ በራሱ የሚያነጋግር ነው።) ሦስተኛው እርከን ግን እስከ ንድፉ መሠረት ይወርዳል።

የጀርመኑ ቦሽ ካንን እ.ኤ.አ. በ1986 ሲያስተዋውቅ የመኪና መቆጣጠሪያዎች በሞባይል ኔትወርክ አይገናኙም ነበር። ስለዚህ የካን መልእክት የላኪውን ማንነት አያረጋግጥም፤ የሚይዘውም ቢበዛ 8 ባይት መረጃ ነው። ዛሬ ለመልእክቱ ማረጋገጫ እንጨምር ቢባል፣ 4 ባይት ለማረጋገጫው፣ 1 ባይት ደግሞ አሮጌ መልእክት ተቀድቶ እንዳይደገም ለሚጠብቀው ቆጣሪ ቢመደብ ለፍሬኑ ወይም ለመሪው መረጃ የሚተርፈው 3 ባይት ብቻ ነው። እስከ 64 ባይት ወደሚይዘው ካን ኤፍዲ መሻገር ይቻላል፤ ሆኖም ይህ የየመቆጣጠሪያውን ቺፕ መለወጥ ይጠይቃል። ምስጢራዊ ቁልፎችን በሃርድዌር የሚጠብቅ ክፍልም ቢሆን ማይክሮ ኮንትሮለሩ በሚመረጥበት ዕለት ካልታሰበ በኋላ በሶፍትዌር ሊተካ አይችልም። ቺፑ ደግሞ የሚመረጠው መኪናው ለገበያ ከመቅረቡ ዓመታት አስቀድሞ ነው።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 የታተመው አይኤስኦ/ኤስኤኢ 21434 ደረጃ የሥጋት ትንተና ከጽንሰ ሐሳብ ምዕራፍ እንዲጀምር ያዛል። በጸሐፊው እምነት ከሂደቱ ሁሉ ወሳኙ የሚተነተነውን አካል ወሰን መበየን ነው። ወሰኑ በሬዲዮው ሳጥን ላይ ቢቆም የሚገመተው ከፍተኛ ጉዳት የነጂው መረበሽና የግል መረጃ መሰረቅ ይሆናል። ሬዲዮው ከፍሬን ጋር በአንድ መስመር የሚገናኝ መሆኑ በወሰኑ ውስጥ ሲካተት ግን ጉዳቱ ወደ ሰው ሕይወት ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ፊርማ የማይጠይቅ ቺፕ ተቀባይነት አይኖረውም። ትንተናው ከአቅራቢዎች ጋር ውል ከታሰረ በኋላ ቢደርስ ግን ዕጣው መዝገብ ቤት ነው።

የመዘግየት ዋጋ በገበያም ታይቷል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 155 በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2022 ጀምሮ በአዲስ የተሽከርካሪ ዓይነቶች፣ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ደግሞ በሁሉም አዳዲስ ተሽከርካሪዎች ላይ ተፈጻሚ ሆነ። ፖርሼ በነዳጅ የሚሠራውን ማካንና መደበኛ 718 ሞዴሎቹን በዚሁ ምክንያት ከኅብረቱ ገበያ አስወጣ፤ ከደንቡ በፊት የተነደፈን የኤሌክትሮኒክስ አወቃቀር ማደስ አላዋጣም ነበር።

እርግጥ ነው፣ ለረጅም ዓመታት የሚያገለግል መኪና የሚገጥመውን ጥቃት ሁሉ በንድፍ ጠረጴዛ ላይ መተንበይ አይቻልም፤ ደንቡም ከሽያጭ በኋላ ክትትል የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ነገር ግን ለነገው እርማት የሚሆን ትርፍ ማኅደረ ትውስታና የስሌት ዐቅም ማስቀረት ራሱ የመጀመሪያው ምዕራፍ ውሳኔ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሏ ጉዳዩን ወደ እኛም ያቀርበዋል። የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አወቃቀር በሌላ አገር ተወስኖ ያለቀ ነው። አስመጪውና ፈቃድ ሰጪው አካል ግን ከግዥ በፊት ሊጠይቋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ የሶፍትዌር ማሻሻያው ፊርማ በማን ቁልፍ ይረጋገጣል? አምራቹ ማሻሻያ ለስንት ዓመት ይሰጣል? ውጫዊው ግንኙነት ቢቋረጥ የትኞቹ አገልግሎቶች ይቆማሉ? እነዚህን ጥያቄዎች በአገር ውስጥ በሚገጣጠሙ ሞዴሎች ላይ በቤተ ሙከራ መፈተሽ ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚመጥን ሥራ ነው።