ነፋስ መውጫ ላይ ቤት ለምትሠሩ፦ ጭዱ ከየት ይመጣል?

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ጉናን በስተቀኝ እያየ ክምር ድንጋይን ያለፈ ሰው ነፋስ መውጫ ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈልገው ጋቢ ነው። ከተማዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ስሟንም በከንቱ አላገኘችም። ታዲያ ከዋሽንግተን፣ ከፍራንክፈርት ወይም ከሪያድ በተላከ ገንዘብ እዚህ የሚቆመው አዲስ ቤት ብዙ ጊዜ ለሐዋሳ የታሰበ ይመስላል። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ እንደ ሱቅ የሰፋ መስታወት። ቀን ያምራል። ማታ ባለቤቱ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ይተኛል፤ እናቱ ደግሞ ጓሮ ባለው የጭቃ ማድ ቤት ምድጃ ዳር ታድራለች። “ቪላው ለእንግዳ ነው” ይባላል፤ ነገሩ ግን ብርዱ ነው።

ይህን የምጽፈው ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ላይ ቤት ለመሥራት ለምታስቡ፣ በተለይም ውጭ አገር ስለ ጭድ ቤት ሰምታችሁ “እኛ አገር እኮ ጭድ ሞልቷል” ላላችሁ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። “ሞልቷል” የሚለው ቃል ላይ ግን ትንሽ እንቆያለን።

የጭድ ቤት የአገራችን የጭቃ ቤት አይደለም። በጭቃ ቤት ጭዱ የሚገባው ምርጉ እንዳይሰነጠቅ ነው። በጭድ ቤት ግን ረጅም አገዳ በማሽን ወይም በእጅ ተጨምቆ፣ በገመድ ታስሮ፣ እንደ ትልቅ ጡብ ይደረደራል፤ ከዚያ በውስጥም በውጭም በጭቃ ወይም በኖራ ይለሰናል። ሙቀቱን የሚይዘው ጭዱ ሳይሆን በጭዱ መካከል የታፈነው አየር ነው፤ ጋቢም የሚያሞቀው በዚሁ ዘዴ ነው። 45 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭድ ግድግዳ ከ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ጋር ሲነጻጸር ሙቀት እንዳይወጣ የመከልከል አቅሙ ከአሥር እጥፍ ይበልጣል።

ሥራው አዲስ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ ኔብራስካ ውስጥ እንጨት የሌለበት ሜዳ ላይ የሰፈሩ ገበሬዎች በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀመሩት፤ አርተር በምትባል ትንሽ ከተማ በ1928 እ.ኤ.አ. የተሠራ የጭድ ቤተ ክርስቲያን አላቸው። ፈረንሳይ ሞንታርጂ ላይ በ1920 እ.ኤ.አ. የቆመው የፌዬት ቤትም እስከ ዛሬ አለ። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የፓኪስታን ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ዳርሲ ዶኖቫን የተባለች መሐንዲስ ማሽን በሌለበት ተራራ ላይ ጭዱን በሣጥን ውስጥ በክሪክ እያስጨመቀች ትናንሽ እስሮችን አሠራች። ቤቱም በ2009 እ.ኤ.አ. ኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በመንቀጥቀጥ መሞከሪያ መድረክ ላይ ተፈትኖ ሳይወድቅ ቀረ። ጠንካራ የእንጨት ሣጥን፣ ክሪክና የቃጫ ገመድ ጋይንት ውስጥም ይገኛል።

አሁን ወደ ጭዱ። በወረቀት ላይ እንቁጠረው። 8 በ10 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው 2.70 ሜትር የሚቆም ቤት፣ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 80 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ አለው። በተለመደው መጠን (35 በ45 በ90 ሳንቲ ሜትር) ከ250 እስከ 280 እስር ይፈጃል። አንዱን እስር 18 ኪሎ ብናደርገው ጠቅላላው 5 ቶን ይሆናል። አንድ በሬ በቀን 6 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ይበላል ብላችሁ አስሉት፦ ግድግዳችሁ የሁለት በሬ የዓመት ቀለብ ነው፤ ይተርፋልም። ኔብራስካ ውስጥ ጭድ ትርፍ ነበር። ጋይንት ውስጥ ጭድ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ ነው። ይህን ሳያስቡ ጥሩ ገንዘብ ይዞ ግንቦት ላይ ጭድ ልግዛ የሚል ሰው የመንደሩን የመኖ ዋጋ ብቻውን ሊያናጋው ይችላል፤ ጎረቤቱም አይረሳለትም።

ሁለተኛው ችግር የአገዳው ርዝመት ነው። አውድማ ላይ በሬ የረገጠው ጭድ ደቅቋል፤ ለምርግ ግሩም ነው፣ ለእስር ግን አይሆንም፤ ገመዱ ሲጠብቅ ይዘረገፋል። ረጅም አገዳ የሚገኘው ነዶው በዱላ ሲወቃ ወይም እንደ አርሲና ባሌ በኮምባይነር ሲታጨድ ነው። ከአርሲ እስከ ጋይንት እስር ጭድ በመኪና ማምጣት ደግሞ ለአየር ኪራይ እንደ መክፈል ነው፤ ዕቃው ቀላል፣ ቦታ የሚይዘው ብዙ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ከግድግዳው በፊት ጣራውን አስቡ። የጋይንት ቤት ሙቀቱን በብዛት የሚያጣው በቆርቆሮው በኩል ነው፤ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ቀጭን ኮርኒስ ይህን አይመልስም። በበሬ የተወቃውን አጭር ጭድ በቀጭን የሸክላ አፈር ውኃ ለውሶ፣ ኮርኒሱ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አንጥፎ ማድረቅ ግን ይመልሰዋል። ጭቃ የቀመሰ ጭድ እሳት ቶሎ አይይዘውም፤ አይጥም እንደ ልቧ አትፈነጭበትም። ክብደቱ ሲደርቅ በካሬ እስከ 45 ኪሎ ሊደርስ ስለሚችል ወራጁና የኮርኒሱ እንጨት ለዚያ ተሰልቶ ይሠራ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱም በቱቦ ውስጥ ይለፍ። ከግድግዳው በጣም ያነሰ ጭድ ይበቃዋል፤ አሁን በብሎኬት ለቆመ ቤትም ይሆናል።

ጣራውን ጨርሶ ግድግዳውንም በእስር ጭድ ልሥራ የሚል ካለ፣ የስንዴ አገዳ ይግዛ፤ የገብሱና የጤፉ ለከብት ይሻላል። ግዥው ከታኅሣሥ እስከ ጥር፣ ከአውድማ ላይ፣ ከአንድ ገበሬ ሁሉን ሳይሆን ከብዙ ገበሬዎች ጥቂት ጥቂት ይሁን። ከገንዘቡ ጋር ፉሩሽካ ወይም ፋጉሎ ብትጨምሩ በሬውም ምስክራችሁ ይሆናል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ይሁን፤ መለኪያዋ መሣሪያ ትንሽ ናትና ስትመጡ ሻንጣ ውስጥ ይዛችኋት ኑ።

አሠራሩ ላይ ጭድ የሚፈራው አንድ ጠላት አለው፤ ውኃ። እሳት ሁለተኛ ነው፤ ተጨምቆ በደንብ የተለሰነ ጭድ አየር ስለማያገኝ በቀላሉ አይነድም። አደጋው ያለው በግንባታው ወቅት መሬት ላይ በተበተነው ገለባ ነውና በየማታው ይጠረግ፣ ሲጋራም አይጨስበት። (ላምም ጠላት ናት። ያልተለሰነ ግድግዳ አጥር በሌለበት ግቢ ማሳደር ለከብቱ ግብዣ መጥራት ነው።) ለውኃው፦ የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ በድንጋዩና በጭዱ መካከል እርጥበት የሚከለክል ንጣፍ ይግባ፣ የጣራው ክፈፍ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ይውጣ፣ አሸንዳ ይኑረው። ነፋስ መውጫ ላይ ዝናቡ በጎን ስለሚመጣ፣ ነፋስ የሚመታውን ግድግዳ በረንዳ ቢሸፍነው የበለጠ ነው። ልስኑ ውኃ እየተነፈሰ የሚያስወጣ፣ ጭቃ ወይም ኖራ፣ በሁለቱም በኩል 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን። እዚህ ላይ ግንበኛው “ሲሚንቶ ካልሆነ አይጠነክርም” ብሎ መከራከሩ አይቀርም። በዚህ አትሸነፉለት፦ ድፍን ሲሚንቶ የገባውን እርጥበት ውስጥ አፍኖ ጭዱን ያበሰብሰዋል። የእናታችሁን ቤት ጭቃ አቡክታ የመረገች ሴት በሰፈሩ ካለች፣ ልስኑን ከሲሚንቶ ሠራተኛ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች፤ በባለሙያ ደመወዝ ቅጠሯት።

የሥራው ተራ ከለመዳችሁት ይለያል። መጀመሪያ የባሕር ዛፍ ወይም የብረት ቋሚ ቆሞ ጣራው ይለብሳል፤ ጭዱ ከዚያ በኋላ በጥላ ሥር ይገባል። ምሥራቁ ደቡብ ጎንደር በልግ ሊዘንብበት ይችላልና ያለ ጣራ የተደረደረ ጭድ ቁማር ነው። ትልልቆቹ መስኮቶች ወደ ደቡብ ይዩ፤ በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ስለምትሄድ ከኅዳር እስከ ጥር ሳሎኑን በነጻ ታሞቃለች። ስማዳ ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚወርደው ቆላ ያለው ሰው ግን ይህን ይገልብጥ፤ እሱ የሚሸሸው ሙቀትን ነው፣ ምስጥም ይጠብቀዋል።

ፈቃድ ስትጠይቁ “የጭድ ቤት” ብላችሁ አትጀምሩ፤ ባለሙያው የሚያስበው ጎጆ ነው። ፕላኑ ላይ ሸክሙን የሚሸከመው ቋሚ፣ ጭዱ ደግሞ መሙያ መሆኑ ይታይ። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ደንብ ከ2015 እ.ኤ.አ. እትሙ ጀምሮ ስለ ጭድ ግንባታ ራሱን የቻለ አባሪ አለው፤ ለመሐንዲሳችሁ አትማችሁ ስጡት። አዲስ አበባ የሚገኘው የሕንፃ ኮሌጅ ከዙሪክ መምህራን ጋር በ2010 እ.ኤ.አ. ግቢው ውስጥ በአፈር የሠራውን ባለ ሁለት ደርብ ናሙና ቤትም አሳዩት፤ አፈርና ጭድ የድኻ ብቻ ነው ለሚል መሐንዲስ መልስ ይሆናል። ቤቱን ለባንክ ማስያዝ ካሰባችሁ፣ እንዲህ ያለውን ግድግዳ እንዴት እንደሚገምቱት መሠረት ሳይቆፈር ጠይቁ።

መሬቱን በተመለከተ አጭር ልሁን። መሬት አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ አለ። ከከተማ ወሰን ውጭ በሁለት ሽማግሌ ፊት በተጻፈ ውል “ገዛሁ” ያለ ሰው የገዛው ክርክር ነው። ከተማ ውስጥ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የመኖሪያ ይዞታ እስከ 99 ዓመት ነው። የውጭ ዜግነት የያዛችሁ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደውን ቢጫ ካርድ ቀድማችሁ አውጡ። ውክልና የምትሰጡት ወንድምም ቢሆን ለይታችሁ ስጡ፦ ለማሠራት ይሁን፣ ለመሸጥና ለማስያዝ አይሁን። ቤተሰብ የሚጣላው ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን “ሁሉን ትችላለህ” በሚል ወረቀት ነው።

ደግሞም ወቅቱን እዩ። የሰሜኑ ጦርነት በነሐሴ 2013 ነፋስ መውጫ ከተማ ገብቶ ነበር፤ ከ2015 ክረምት ወዲህም የአማራ ክልል ሰላም አላገኘም። መንገድ ሲዘጋ ሲሚንቶና ብረት አይደርስም፣ ባንክ ሲዘጋ ደመወዝ አይከፈልም። ስለዚህ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አትላኩ፤ ሥራውን በየደረጃው ቁረጡት፣ እያንዳንዱ ደረጃ ቢቋረጥ እንኳ የሚቆይ ይሁን። መሠረትና ጣራ ያለው ቤት ሁለት ክረምት ይጠብቃችኋል። ሳይለሰን የቀረ ጭድ አይጠብቅም፤ ስለዚህ የልስኑ ገንዘብ በእጅ ሳይገባ አንድም እስር አይገዛ።

የመጀመሪያው ክረምት ካለፈ በኋላ መስከረም ላይ አንድ ሰው ሲለሰን በየግድግዳው ግርጌ ለዚሁ በሚተው ቀዳዳ የእርጥበት መለኪያዋን ሰድዶ ቁጥሩን ይላክላችሁ። መለኪያዋ ከጠፋችም ያሽትት፤ ጤነኛ ጭድ አውድማ አውድማ ይላል።