«ሃይድሮሊኩ ፈንድቶ» ከማለታችን በፊት፦ የአሮጌ ሎደር ትራክተር የዘይት ጉልበት እንዴት ይሠራል?

ለዜና አጻጻፍ ትምህርት ካቀረብኳቸው ሥራዎች አንዱ በአንድ የአሸዋ መጫኛ ቦታ ስለደረሰ አደጋ ነበር። ከፊቱ የመጫኛ ክንድ የተገጠመለት አሮጌ ትራክተር ቆሞ ሳለ ክንዱ ድንገት ይወርድና ከሥሩ ጭቃ ሲጠርግ የነበረን የቀን ሠራተኛ እግር ይሰብራል። እኔም «የትራክተሩ ሃይድሮሊክ በመፈንዳቱ» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ «ሃይድሮሊክ ምንድን ነው? የቱ ክፍሉ ነው የፈነዳው?» ብለው መለሱልኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ከመጻሕፍትና ከአንድ አዛውንት መካኒክ የተማርኩት ነው። የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ዘይትና ቱቦ ምን አገባው የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ።

የነገሩ መሠረት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፈረንሳዊ ብሌዝ ፓስካል ያስቀመጠው ሕግ ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ግፊት ሲጨመር ግፊቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ እ.ኤ.አ. በ1795 በዚሁ ሕግ የሚሠራ መጭመቂያ ማሽን የፈጠራ መብት አወጣበት። የዛሬው ሎደር ከዚያ ብዙም አልራቀም።

እኔ ያየሁት ትራክተር ቤላሩስ ኤም ቲ ዜድ 80 ነው። ሚንስክ ከተማ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 1974 ጀምሮ ሲመረት የኖረ ሲሆን፣ ቤላሩስ ትራክተር ለእኛ አገርም እንግዳ አይደለም፤ በ1970ዎቹ በሶቪየት ኅብረት እገዛ ናዝሬት ላይ የተቋቋመው ፋብሪካ ይገጣጥመው ነበር። የዚህ ትራክተር የሃይድሮሊክ ዘይት ለብቻው በራሱ ታንክ ይቀመጣል። በብዙ አሮጌ ማሴ ፈርጉሰኖች ግን ፓምፑ ከመቀመጫው ሥር ካምቢዮው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የማሴው ካምቢዮ ዘይት ሲቆሽሽ የማንሻው ጉልበትም አብሮ ይታመማል።

ከታንኩ የሚወጣው ዘይት ወደ ፓምፑ ይገባል። ፓምፑ ላይ በሩሲያ ፊደል የተጻፈው «ኤንሻ 32» «ባለ ጥርስ ፓምፕ» ማለት ሲሆን፣ 32 የሚለው በአንድ ዙር የሚገፋው ዘይት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ ፓምፑ በደቂቃ 1500 ጊዜ ቢዞር 48 ሊትር ይገፋል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ነገር አለ። ፓምፕ ግፊት አይሠራም፣ ዘይት ነው የሚገፋው። ግፊቱ የሚመጣው ዘይቱ የሚከለክለው ነገር ሲገጥመው ነው። አካፋው ባዶ ከሆነ ግፊቱ ትንሽ ነው፤ እርጥብ አሸዋ ሲሞላ ይጨምራል፤ የማይነቃነቅ ድንጋይ ሲነክስ ደግሞ ግፊቱ ጣሪያ ይነካና መልቀቂያው ቫልቭ ተከፍቶ ዘይቱን ወደ ታንክ ይመልሰዋል። ያ ቫልቭ ባይኖር በእርግጥም የሆነ ነገር ይፈነዳ ነበር።

እስቲ በቁጥር እንየው። ውስጡ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር ፒስተኑ ወደ 19.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በካሬ ሴንቲ ሜትር 150 ኪሎ ግፊት ቢደርሰው ወደ 2900 ኪሎ ይገፋል። ሲመለስ ግን ዘንጉ ከፒስተኑ ላይ ቦታ ይይዝበታል። ዘንጉ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሚቀረው 12.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጉልበቱ ወደ 1900 ኪሎ ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ግን ይጨምራል። ባጭሩ ጉልበት ከግፊት፣ ፍጥነት ደግሞ ከዘይት ብዛት ይገኛል። «ቀስ ብሎ ነው የሚያነሳው» እና «ማንሳት አቃተው» የተለያዩ በሽታዎች ናቸው ማለት ነው።

በፓምፑና በሲሊንደሩ መካከል ማከፋፈያው አለ። ኦፕሬተሩ የሚይዛቸው ዘንጎች በውስጡ ያሉትን ተንሸራታች ብረቶች ያንቀሳቅሳሉ። በቤላሩሱ ላይ አራት ቦታ አላቸው፦ ማንሳት፣ ማቆም፣ በጉልበት ማውረድና መንሳፈፍ። ማቆሚያው ላይ የሲሊንደሩ ሁለቱም በሮች ይዘጋሉ። መንሳፈፊያው ላይ ግን ሁለቱም ወደ ታንክ ይከፈታሉ፤ ክንዱ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል፣ መሬቱንም ተከትሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሮጌ ሎደር ላይ የሚዘወተረው ቅሬታ ክንዱ ቆሞ አያድርም፣ ጠዋት ሲመጡ ወርዶ ይገኛል የሚለው ነው። ባለቤቱ ወዲያው የፒስተን ጎሚኒ ይገዛል። አዛውንቱ መካኒክ በዚህ ይስቃሉ። «ወረቀት አምጣ» ብለው ሥዕል ሣሉልኝ። ክንዱን በሚያነሳው ሲሊንደር ላይ ሸክሙ ዘንጉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ጎሚኒው ቢያልቅ እንኳ ከታች ያመለጠው ዘይት የሚሄድበት ቦታ ከፒስተኑ በላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ዘንጉ ስላለ ቦታው ይጠበዋል። ዘይት አይጨመቅም። ሁለቱ በሮች በደንብ ከተዘጉ ክንዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል እንጂ መሬት አይደርስም። ሌሊቱን ሙሉ ከወረደ ዘይቱ ከሲሊንደሩ ወጥቷል ማለት ነው፤ ወይ ቱቦው ያንጠባጥባል፣ ወይም የማከፋፈያው ብረት ተበልቷል። ሸክሙ ዘንጉን ወደ ውጭ በሚጎትትበት ሲሊንደር ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ እዚያ ጎሚኒው ብቻውን ሊያወርደው ይችላል። የጎሚኒ ማለቅ በአብዛኛው የሚታወቀው በጭነት ጊዜ ነው፤ ጉልበት ይጠፋል፣ ዘይቱም ቶሎ ይግላል።

ዘይቱን ማየትም ብዙ ይናገራል። ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። አረፋ ካወጣና ፓምፑ ከጮኸ ከመሳቢያው በኩል አየር እየገባ ወይም ዘይቱ አንሶ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቱቦ ላይ ቀዳዳ በእጅ አይፈለግም። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ባለ ግፊት ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ መጀመሪያ ምንም አይመስልም፣ ሕመሙም ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ግን በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ጣት ወይም እጅ ያሳጣል። መካኒኩ የካርቶን ቁራጭ ያስጠጋሉ፣ ዘይቱ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ ነው። ክንዱ ተነስቶ ከሥሩ የሚገባም ሰው ካለ መጀመሪያ በብረት ድጋፍ ይይዙታል።

አሁን ወደ ዜናዬ ልመለስ። ቱቦ ቢፈነዳ ኖሮ መሬቱ በዘይት ይጨቀይ ነበር። ማከፋፈያው ተበልቶ ቢሆን ክንዱ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር እንጂ ድንገት አይወድቅም። መካኒኩ ይህን ሰምተው «ሞተሩ ጠፍቶ ነበር?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ሞተር ጠፋ ማለት ክንዱ ታሰረ ማለት እንዳልሆነ የነገሩኝ ያኔ ነው፤ አንድ ሰው ዘንጉን ነክቶ መንሳፈፊያው ላይ ቢጥለው ሞተር ሳይነሳም ክንዱ ይወርዳል።

በማግስቱ ወደ ቦታው ተመልሼ የሠራተኛውን ጓደኞች ጠየቅኩ። መሬት ላይ ዘይት አላዩም። ሞተሩም ጠፍቶ ነበር፤ ኦፕሬተሩ ጃኬቱን ሊወስድ ወደ መቀመጫው ወጥቶ ነበር አሉኝ።